ሻለቃ ሮበርት ቺዝማን፦ ዓባይን በበቅሎ ተከትለው ካርታውን ያነሡ ሰው

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ መንገደኛ፣ ጤፍና ስንዴ የሚበቅልበትን ሰፊውን የምሥራቅ ጎጃም ሜዳ አቋርጦ ደጀን ካለፈ በኋላ፣ ምድሪቱ በድንገት ተቆርጣ ከፊቱ ታላቅ ገደል ይከፈትበታል። መኪናው እየተጠማዘዘ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ደጋው ቆላ ይሆናል፤ ጋቢ የደረበው ተሳፋሪ ልብሱን እያወለቀ በመስኮት ነፋስ ይፈልጋል። ከድልድዩ በታችም ዓባይ የደጋውን አፈር ተሸክሞ ይወርዳል። እኛም በዚህ መንገድ ብዙ ጊዜ ወርደን ወጥተናል። ድልድዩን በተሻገርን ቁጥርም፣ መንገድና ድልድይ ሳይሠራ፣ አውሮፕላንም ከላይ ሳይመለከት፣ ይህን ገደል በእግርና በበቅሎ እየተከተለ በወረቀት ላይ ያሰፈረው ማን ይሆን ብለን ማሰባችን አልቀረም።

ለዚህ ጥያቄ በመጀመሪያ ረድፍ የሚነሣው ስም የእንግሊዛዊው የሻለቃ ሮበርት ኧርነስት ቺዝማን ስም ነው። እኚህ ሰው በአገራችን ዘጠኝ ዓመት ኖረዋል፤ መኖሪያቸውም እዚሁ ጎጃም፣ ዳንግላ ላይ ነበር። በዛሬው ጽሑፋችን ሕይወታቸውንና ሥራቸውን በአጭሩ ለአንባብያን እናቀርባለን። የውጭ አገር ታሪክ የሚነገርባቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ሲሆን፣ ዓ.ም. የሚል ምልክት ያለባቸው ግን በአገራችን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውሳለን።

ምንጩ የታወቀ፣ መንገዱ ያልታወቀ ወንዝ

የዓባይ ምንጭ ለውጭው ዓለም እንግዳ ከሆነ ብዙ ዘመን አልፎታል። በሰከላ የሚገኘውን ግሽ ዓባይን እ.ኤ.አ. በ1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሆነው ያዩትና የጻፉለት ኢየሱሳዊው አባ ጴድሮስ ፓኤዝ ነበሩ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከዚሁ ሥፍራ የደረሰው ከእርሳቸው 152 ዓመት በኋላ፣ በ1770 ነው። የአገሩ ሰው ግን ከሁሉም አስቀድሞ ሥፍራውን ያውቀዋል፤ ጠበሉንም ያከብረዋል።

ይሁን እንጂ ወንዙ ከጣና ከወጣ በኋላ እስከ ሱዳን ሜዳ ድረስ በየት በየት እንደሚያልፍ የሚያሳይ አስተማማኝ ካርታ እስከ ሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ድረስ አልነበረም። ካርታ ሠሪዎች የወንዙን ሰፊ ክፍል በግምት በነጠብጣብ መስመር ይሞሉት ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዓባይ ከጣና ወጥቶ፣ ጢስ ዓባይ ላይ ተወርውሮ፣ ከዚያ በኋላ ጎጃምን በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ እንደ ቀለበት ይዞራታል። የዞረበትም ሸለቆ በአንዳንድ ሥፍራ 1,500 ሜትር ያህል ጥልቀት አለው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲገኝ፣ ወንዙ የሱዳንን ድንበር ሲሻገር 500 ሜትር ያህል ብቻ ይቀረዋል። ይህን ሁሉ ቁልቁለት በድንጋይ ላይ እየተጋጨ ስለሚወርድ ጀልባ አያስኬድም። እ.ኤ.አ. በ1903 ማክሚላን የተባለ አሜሪካዊ ባለጸጋ በጀልባ ሊወርድ ሞክሮ ጉዞው ገና ሲጀመር ጀልባዎቹ ጠፍተውበት ተመልሷል። በዳር በዳር እንዳይሄዱም ገደሉ አያሳልፍም፤ በበጋ ሙቀቱ፣ በክረምት ሙላቱ፣ ከክረምት መውጫ ደግሞ ንዳዱ ያስቸግራል። ደገኛውም ቢሆን ለመሻገር ካልሆነ በቀር ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ አይወድም ነበር።

ትውልዳቸውና የቀድሞ ሥራቸው

ሮበርት ቺዝማን በእንግሊዝ አገር ኬንት በተባለው ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. በ1878 ተወለዱ። በዋይ የእርሻ ኮሌጅ ተምረዋል። ከልጅነታቸው ጀምሮ ወፎችንና የዱር አራዊትን መመልከት ይወዱ ነበር፤ ይህም ፍቅር በቤተሰቡ ውስጥ የነበረ ይመስላል፤ ታናሽ እህታቸው ኤቭሊን ቺዝማን በነፍሳት ጥናት የታወቁና ኒው ጊኒን ለብቻቸው እየዞሩ ያጠኑ ሴት ናቸው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቺዝማን ወታደር ሆነው በሕንድና በመስጴጦምያ አገለገሉ። ከጦርነቱ በኋላ በኢራቅ የእንግሊዝ ከፍተኛ ኮሚሽነር ለነበሩት ለሰር ፐርሲ ኮክስ የግል ጸሐፊ ሆኑ። በዚህ ጊዜ የዓረብ ምድረ በዳ ስቧቸው በ1921 የባሕረ ሰላጤውን ዳርቻ በከፊል ካርታ አነሡ። ከ1923 እስከ 1924 ባለው ጊዜ ደግሞ ወደ ሆፉፍ ዘልቀው፣ ከዚያም ጀብሪን እስከተባለው የበረሃ ገነት ድረስ ተጉዘው ሥፍራውን በከዋክብት ልክ ወስነዋል። የዚህን ጉዞ ታሪክ በ1926 በመጽሐፍ አሳትመዋል። በዚያ አካባቢ የሚኖር አንድ የበረሃ አይጥም እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ዳንግላ

እ.ኤ.አ. በ1925 የእንግሊዝ መንግሥት ቺዝማንን የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስል አድርጎ ሾማቸው፤ የቆንስሉም መሥሪያ ቤት በአገው ምድር በዳንግላ ነበር። በዚያን ጊዜ ጎጃምን ያስተዳድሩ የነበሩት የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ ናቸው። መቀመጫቸውም ቀድሞ መንቆረር ይባል የነበረው ደብረ ማርቆስ ነበር። ያለ እርሳቸው ፈቃድ እንግዳ ሰው በግዛቱ እንደ ልቡ መዘዋወር አይቻለውም ነበር። በ1932 ራስ ኃይሉ ከሥልጣን ተነሥተው ራስ እምሩ ሲተኩ፣ ቺዝማን ገና በዳንግላ ነበሩ። ስለዚህ የሁለቱንም መሳፍንት ዘመን በዓይናቸው አይተዋል።

እንግሊዝ በዳንግላ ቆንስል ማኖሯ ያለ ምክንያት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1902 ከዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ጋር በተደረገው ውል፣ የእንግሊዝና የሱዳን መንግሥት ካልተስማሙ በቀር የዓባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውኃ የሚያቆም ሥራ እንዳይሠራ ተጽፎ ነበር። ቺዝማን በተሾሙበት በ1925 በሱዳን የሰናር ግድብ ተፈጽሞ፣ የገዚራ ጥጥ የዓባይን ውኃ መጠጣት ጀመረ። ከዚያ ቀደም ብሎም፣ ከ1920 እስከ 1921፣ የሱዳን መንግሥት የሥነ ምድር ባለሙያ የሆነው ግራብሃም ከብላክ ጋር ጣናን እንዲያጠና ተልኮ ነበር። እንግዲህ የጎጃም ውኃ በለንደን፣ በካይሮና በካርቱም ሲመዘን የኖረ ውኃ ነው። ቺዝማንም ወደዚህ ምድር የመጡት የመንግሥታቸው አገልጋይ ሆነው መሆኑን ሳንዘነጋ ታሪካቸውን መከተል ይገባናል።

በቅሎ፣ ኮምፓስና የፈላ ውኃ

ቺዝማን የቆንስልነት ሥራቸውን እየሠሩ፣ ዝናሙ ሲያባራ ጓዛቸውን አስጭነው ወንዙን ፍለጋ ይወጡ ነበር። በወንዙ ዳር መሄድ ስለማይቻል፣ በደጋው ጫፍ እየተጓዙ መሻገሪያ ባለበት ሁሉ ወደ ታች ወርደው ውኃውን ያያሉ፤ ልኩን ወስደው እንደ ገና አቀበቱን ይወጣሉ፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው መሻገሪያ ያመራሉ። ይህን ሥራ በአንድ ጊዜ አልፈጸሙትም፤ በተለያዩ ዓመታት እየተመለሱ የጎደለውን ሞሉ እንጂ። እንዲህ እያሉም ከጣና እስከ ሱዳን ድንበር ያለውን የወንዙን መስመር በትክክለኛው ሥፍራ አስቀመጡት።

የዛሬ ወጣት አንባቢ ያለ አውሮፕላንና ያለ ሳተላይት ካርታ እንዴት ይነሣል ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። በዚያ ዘመን የነበሩ መንገደኞች አሠራር የሚከተለው ነበር። በመጀመሪያ ተጓዡ በኮምፓስ የሚሄድበትን አቅጣጫ ያነባል፤ ከሩቅ የሚታየውንም ተራራ ከሁለትና ከሦስት ሥፍራ እያነጣጠረ መስመር ይስባል፤ መስመሮቹ በተገናኙበት ላይ ተራራው ይቀመጣል። ለዚህ ሥራ እንደ ጮቄ ያለ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ እንደ ዐምድ ያገለግላል። ሁለተኛ፣ በቅሎዋ በሰዓት ምን ያህል እንደምትሄድ አስቀድሞ ስለሚያውቅ፣ ርቀቱን በሰዓቱ ያሰላል። ሦስተኛ፣ ከፍታውን ለማወቅ ውኃ አፍልቶ ሙቀቱን ይለካል። ምድር ከፍ ባለች ቁጥር ውኃ ቶሎ ይፈላልና፤ በባሕር ዳርቻ 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ውኃ፣ 2,400 ሜትር ከፍታን ባለፈችው በደብረ ማርቆስ ወደ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ሌሊት ደግሞ ከዋክብትን ተመልክቶ የቀኑን ስሕተት ያርማል። ይህ ሁሉ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ያላዩትን እንዳዩ አድርጎ መጻፍም ቀላል ነው። የካርታ ሠሪ ታማኝነት የሚፈተነው፣ ተመልካች በሌለበት ገደል ውስጥ ያየውን ብቻ ሲመዘግብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ካርታው በአንድ ሰው ስም ቢጠራም፣ መሻገሪያው የቱ እንደሆነ፣ ወንዙ መቼ እንደሚጎድል፣ አዞ የሚበዛው በየትኛው ጥግ እንደሆነ፣ ያ ኮረብታና ያ ጅረት ማን እንደሚባሉ የሚያውቁት የአገሩ ሰዎች ናቸው። መንገድ መሪው፣ በቅሎ ጫኙ፣ ዋናተኛውና አስተርጓሚው ባይኖሩ ኖሮ ኮምፓሱ ብቻውን ምንም አያደርግም ነበር። አማራው፣ አገውና ጉሙዙ ከአባቶቻቸው የተቀበሉት ዕውቀት ነው በወረቀት ላይ የሰፈረው።

በጣና ደሴቶች

ሻለቃ ቺዝማን ከወንዙ ቀጥሎ ጣናን ዞሩት፤ የሐይቁን ዳርቻ እየተከተሉ፣ ደሴቶቹንም እየጎበኙ ካርታውን አረሙ። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ነገር ግን ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ብቻ የሆነ ሐይቅ ነው። በዚያን ጊዜ ከደሴት ወደ ደሴት የሚያሻግረው የነገደ ወይጦ ሰዎች ከደንገል የሚሠሩት ታንኳ ነበር። ደቅ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ክብራን ገብርኤልና ጣና ቂርቆስ የመሳሰሉት ገዳማት ለዘመናት የብራና መጻሕፍትን፣ የነገሥታትን ዐጽምና ንዋያተ ቅድሳትን ጠብቀው ያቆዩ መሆናቸውን አንባቢ ያውቃል። ቺዝማን የውኃውን ከፍታ ብቻ ለክተው አልተመለሱም፤ በየደሴቱ ያሉትን አብያተ ክርስቲያናትና የሚነገርላቸውንም ታሪክ በአክብሮት መዝግበዋል። በዚህ ምድር የሰበሰቧቸውንም ወፎች ከሌላ ሊቅ ጋር ሆነው ከ1935 እስከ 1936 በታተመ ጥናት አቅርበዋል።

እ.ኤ.አ. በ1934 ሥራቸውን ፈጽመው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1936 ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ዓባይ የጻፉት መጽሐፍ በለንደን ታተመ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር ስለ ዓባይና ስለ ጣና ጥናታቸው የወርቅ ሜዳሊያ ሸለማቸው። ነገር ግን ያ ዓመት ለእኛ የሐዘን ዓመት ነበር፤ መጽሐፉ የገለጸው አገር በፋሽስት ጦር እጅ ወድቆ ነበርና።

የውኃው ባለቤት ማን ነው?

ቺዝማን በዳንግላ ሳሉ የኢትዮጵያ መንግሥትም ዝም ብሎ አልተቀመጠም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1927 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ወደ አሜሪካ ላኩ። እርሳቸውም በኒው ዮርክ ከሚገኘው ከጄ. ጂ. ኋይት ኩባንያ ጋር ስለ ጣና ግድብ ተነጋገሩ። ይህ ወሬ በለንደን ታላቅ መደነቅን አስከተለ፤ ኢትዮጵያ በገዛ ውኃዋ ላይ ሥራውን ለመረጠችው ልትሰጥ ትችላለች ብሎ ያሰበ አልነበረምና። የኩባንያው መሐንዲሶችም መጥተው ጣናን አጠኑ። ሐሳቡን ከፍጻሜ ሳይደርስ ያስቀረው የኢጣልያ ወረራ ነው።

ከዚህ እንደምንረዳው፣ ካርታ ሥልጣን ነው። አንድን ወንዝ የለካ፣ ከፍታውንና መጥበቢያውን ያወቀ፣ ግድብ የሚቆምበትን ሥፍራም ያውቃል። የቺዝማን ልኬት ሲጀመር የታሰበው ለሱዳንና ለግብፅ እርሻ ነበር እንጂ ለጎጃም ገበሬ አልነበረም። ይህን መናገር ሰውየውን መንቀፍ አይደለም፤ እውነቱን በሥፍራው ማኖር ነው።

ካርታው ለነጻነት ሲያገለግል

የሰው ዕውቀት ግን መጀመሪያ ከታሰበለት ዓላማ አልፎ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1940 ቀዳማዊ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ ካርቱም ሲመጡ፣ ቺዝማን ስድሳ ዓመት አልፏቸው ሳለ እንደ ገና ተጠርተው፣ በዚያ ስለ ኢትዮጵያ ወሬ በሚሰበስበው የጦር ክፍል ውስጥ አገለገሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ኦሜድላ ላይ ድንበሩን ተሻግረው በጎጃም በኩል ሲገቡ፣ አርበኞችና አጋሮቻቸው የሚሄዱበት ምድር ሻለቃው ለዓመታት በበቅሎ የተመላለሱበት ምድር ነበር። የኢጣልያ ጦር ደብረ ማርቆስን ለቅቆ ወደ ዓባይ ሸሸ፤ ንጉሠ ነገሥቱም መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ገቡ። በዚያም ራስ ኃይሉ ገቡላቸው። ቺዝማን ከዚያ በኋላ ከ1942 እስከ 1944 በአዲስ አበባ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን በአማካሪነት ሠሩ፤ ከዚያም ወደ አገራቸው ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ1962 በ83 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከእርሳቸው በኋላ የመጡ ለኪዎች

ቺዝማን ሲያርፉ፣ በዓባይ ሸለቆ ከእርሳቸው ሥራ እጅግ የሰፋ ጥናት በመካሄድ ላይ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ከዩናይትድ ስቴትስ መንግሥት ጋር በተስማማው መሠረት፣ ቢሮ ኦፍ ሪክላሜሽን የተባለው የአሜሪካ መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች ከ1958 ጀምሮ የዓባይን ተፋሰስ አጠኑ። እነዚህ በበቅሎ ብቻ አልተጓዙም፤ ከአየር ላይ የተነሡ ፎቶግራፎች ነበሯቸው። የሥነ ምድር ባለሙያዎች ድንጋዩን፣ የአፈር ባለሙያዎች እርሻውን፣ የውኃ ባለሙያዎች ደግሞ የወንዙን መጠን መረመሩ።

በደጀን ቁልቁለት የሚወርድ ሰው የመረመሩትን ድንጋይ በዓይኑ ሊያየው ይችላል። ከላይ በኩል ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ባዛልት አለ፤ ዕድሜው 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆናል። ከእርሱ በታች የባሕር እንስሳት ቅሪት ያለበት ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ፣ ቀጥሎ የጀሶ ድንጋይ፣ ከሁሉ በታች ደግሞ ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ ይገኛል። የጎጃም ደጋ አንድ ጊዜ ባሕር እንደ ነበረ የሚመሰክረው ይህ የኖራ ድንጋይ ነው። ለግድብ መሐንዲስ ይህ ልዩነት ብዙ ትርጉም አለው፤ ጀሶ በውኃ ይሟሟል፤ የኖራ ድንጋይም ሊቦረቦርና ውኃ ሊያሳልፍ ይችላል። ስለዚህ የሥነ ምድር ጥናት ሳይቀድም ወንዝ አይገደብም።

ጥናቱ በ1964 በ17 ጥራዝ ቀረበ። ለመስኖና ለኤሌክትሪክ የሚሆኑ 33 ሥራዎችን አመለከተ፤ በዋናው ወንዝ ላይም ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያና ድንበር የተባሉ አራት ታላላቅ የግድብ ሥፍራዎችን ለየ። ጥናቱ በተካሄደበት ጊዜ ውስጥ ግብፅና ሱዳን በ1959 የዓባይን ውኃ ኢትዮጵያን ሳይጨምሩ በሁለት ተካፍለውት ነበር። ጥራዞቹ በመደርደሪያ ላይ ብዙ ዘመን ተቀመጡ። በመጨረሻ ግን መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ድንበር ከተባለው ሥፍራ ብዙም ሳይርቅ፣ ጉባ ላይ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ተመረቀ። ማደሪያ የለውም ተብሎ የተተረተበት ወንዝ ማደሪያ አገኘ።

ምን እንማራለን?

ቺዝማን የመጡት ለሌላ ጌታ ውኃ ሊለኩ ነው። ነገር ግን ያዩትን በታማኝነት ስለጻፉ፣ ሥራቸው ላልታሰበለትም ሰው ጠቀመ። በሐሰት የተለካ ልክ ለላኪውም አይረባም፤ በእውነት የተለካ ግን ዘመን ሲለወጥ ለምድሩ ልጅ ይመለሳል። እኚህን እንግዳ ሰው በአክብሮት የምናስበው በዚህ ምክንያት ነው።

ሆኖም ምስጋናችን ወደ ራሳችን መመለስ አለበት። የዓባይን ጉዳይ ብዙ ዘፍነንለታል፤ ብዙም ተክዘንበታል፤ የለካነው ግን ጥቂት ነው። ዛሬም ከጮቄ የሚነሡት ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃና ተምጫ በየክረምቱ የደጋውን አፈር ይዘው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ያ አፈር የገበሬው እንጀራ ነው፤ ወደ ታች ሲወርድም የግድቡን ሆድ ይሞላል። በየዓመቱ ከየትኛው ተረተር ምን ያህል አፈር እንደሚታጠብ፣ ከየትኛው ምንጭ ምን ያህል ውኃ እንደጎደለ ለማወቅ ከባሕር ማዶ ሰው መጠበቅ አያስፈልገንም። መምህሩ ከተማሪዎቹ ጋር፣ ገበሬው ከልጁ ጋር በአንድ ምንጭ ዳር ምልክት ያለበት እንጨት ተክሎ ከዓመት ዓመት ቢመዘግብ፣ እርሱም የዚሁ ሥራ ወራሽ ነው።

ስለዚህ አንባቢያችን ከእንግዲህ ወዲያ የደጀንን ቁልቁለት ሲወርድ፣ በመስኮት በኩል የድንጋዩን ድርብርብ ይመልከት፤ በዚያ ገደል በበቅሎ የወጣውንና የወረደውን እንግዳ፣ ከፊቱም መንገድ እየጠረገ ስሙ ሳይጻፍ የቀረውን የጎጃም ሰው ያስታውስ።